የእማማ ግድግዳና የኮሮ ሐይቅ

ባለፈው መንፈቀ ዓመት የድርሰት መምህራችን «ከቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ነገር ምረጡና ጻፉበት» የሚል የቤት ሥራ ሰጡን። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንዱ «እኛ ቤት የተሰቀለ ነገር ቢኖር የመብራት ቆጣሪ ብቻ ነው» አለ፤ ሌላዋ የወንድሟን የምረቃ ፎቶ መረጠች። እኔ ያን ዕለት ዝም ብዬ ወጣሁ። ልጽፍበት የምፈልገው ነገር ግድግዳ ላይ አልነበረማ! ከተሰቀለበት ከወረደ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የቤት ሥራውን ስለ ሌላ ነገር ጽፌ አስረከብኩ። ይኼኛው ያኔ ልጽፈው ያልቻልኩት ነው።

ነገሩ ሥዕል ነው፤ እንዲያውም ሥዕል ሳይሆን የሥዕል ቅጂ። ድሬዳዋ አያቴ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ከቡፌው በላይ ይሰቀል ነበር አሉ። «አሉ» የምለው እኔ ሥዕሉን ስለማላስታውሰው ነው። የማውቀው ከአንድ የቤተሰብ ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ አያቴ አባባ ካኪ ሸሚዙን ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው በስተቀኝ በኩል የተንጋለለ አንድ ትልቅ ዛፍና ከዛፉ ሥር የሚያብረቀርቅ ውሃ ይታያል። የሥዕሉን ሌላውን ግማሽ የአባባ ራስና ትከሻ ሸፍኖታል።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ይኼ ሥዕል እዚያ ቤት ምን ያደርግ እንደነበር ሳይነገረው ይገባዋል። ድሬ ሙቀት ነው። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይገባል። እማማ (አያቴን ሁላችንም እማማ ነው የምንላት) ቡና ስታፈላ እንግዶቿን «ሥዕሏን እያያችሁ ጠጡ፣ ቤቱን ታቀዘቅዛለች» ትል ነበር ይባላል። ጭጋግ የለበሰ ሐይቅ፣ ግራጫ ሰማይ፣ እርጥብ ሣር... እውነትም ላብ የሚያደርቅ ነገር አለው።

ሥዕሉ እንዴት እዚያ ደረሰ? በባቡር ነዋ! ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ እዚያ ደረሰ፤ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስላልቻለ ከተማዋ ከተራራው ግርጌ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 እ.ኤ.አ. ፈጀበት። «ለገሃር» የምንለው ቃል ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ መሆኑን አብዛኞቻችን እናውቃለን፤ ከቃሉ ጋር ግን ሰውም ዕቃም መጥቷል። አባባ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) አንድ ፈረንሳዊ አለቃው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ የቀረውን ለሠራተኞቹ አከፋፈለ። ለአንዱ ወንበር፣ ለአንዱ ሬዲዮ ደረሰ። ለአባባ ባለ ፍሬም ሥዕል ደረሰው። ጓደኞቹ ቀለዱበት። እማማ ግን ያን ቀን ሥዕሉን ስታይ «ይኼስ ከሬዲዮ ይሻላል፣ አይጮህም» አለች አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በድሬዳዋ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። አባባ ጡረታ ከወጣ በኋላ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ብዙ ሳይርቅ ቤት ገዝተው ገብተው ነበር። ደቻቱን ያላየ ሰው «ወንዝ» ሲባል ውሃ ይመስለዋል። ደቻቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነገድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ከላይ ከደጋው የዘነበው ዝናብ በሌሊት ድንገት ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ከእነሱ አንዷ የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ነበረች። እኔ ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከእናቴ ጋር ሌላ ሰፈር ነበርን። አባባም ከዚያ በፊት አርፏል። እማማ ተርፋለች። ሥዕሉ ጭቃና ውሃ ጠጥቶ፣ ወረቀቱ ከካርቶኑ ተላቆ ተገኘና ከተበላሸው ዕቃ ጋር ተጣለ።

እኛ ቤት ስለ አክስቴ ብዙ አይወራም። ስለ ሥዕሉም እንዲሁ። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ነግራኛለች፤ «እማማ ፊት የውሃ ነገር አታንሺ።»

አሁን ወደ ትምህርት ክፍላችን ልመለስ። ሁለተኛ ዓመት ላይ የሥነ ውበት ኮርስ ስንወስድ መምህሩ ስለ መልክዐ ምድር ሥዕል እያስተማሩ በፕሮጀክተር ሥዕሎች ያሳዩን ነበር። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ግማሽ ልቤ ምሳ ላይ ነበር። ድንገት አንድ ዛፍ መጣ። ወደ ግራ የተንጋለለ፣ ቅጠሉ እንደ ጭስ የሳሳ ትልቅ ዛፍ፤ ከሥሩ ሐይቅ። «እንዴ! የአባባ ዛፍ!» ብዬ ጮህኩ። ጮክ ብዬ መሆኑን ያወቅሁት ሁሉም ዞር ብሎ ሲያየኝ ነው።

መምህሩ አልተቆጡም። ሥዕሉ «የሞርትፎንቴን ትዝታ» እንደሚባል፣ የሣለውም ዣን ባፕቲስት ካሚይ ኮሮ የተባለ ፈረንሳዊ እንደሆነ ነገሩን። እኔም ከዚያ ወዲያ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ስለ እሱ ጥቂት ልበል።

ኮሮ እ.ኤ.አ. በ1796 ፓሪስ ተወለደ፤ በ1875 ሞተ። እናቱ የሴቶች ባርኔጣ የሚሸጥበት ሱቅ ነበራት። እሱ ወደ ሥዕል በተነሣበት ጊዜ በፈረንሳይ መልክዐ ምድር ብቻውን እንደ ትልቅ ሥዕል አይቆጠርም ነበር። ከእሱ በፊት በ17ኛው ክፍለ ዘመን እነ ክሎድ ሎሬንና ፑሳን ዛፍና ሰማይ ሲሥሉ፣ የጥንት አፈ ታሪክ ወይም የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ከዛፉ ሥር ይኖራሉ፤ ዛፉ የሚከበረው በሰዎቹ ታሪክ ነው። ኮሮ ጣልያን አገር ሄዶ ከደጅ ተቀምጦ ብርሃኑን እያየ መሣልን ተለማመደ። በኋላም ከፓሪስ ደቡብ ፎንቴንብሎ ጫካ ዳር ባርቢዞን በምትባል መንደር እነ ቴዎዶር ሩሶና ሚሌ ገበሬውን፣ ከብቱን፣ ጫካውን እንዳለ መሣል ያዙ። በ1841 የቀለም ቱቦ ተፈለሰፈ፤ በ1849 ባቡር ፎንቴንብሎ ገባ። ሠዓሊው ቀለሙን በኪሱ ይዞ በባቡር ተሳፍሮ ጫካ መሄድ ቻለ ማለት ነው። ይኼን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሠዓሊውን ወደ ጫካው የወሰደው ባቡር ነው፤ ሥዕሉን ወደ ድሬዳዋ ያመጣውም ባቡር ነው።

«የሞርትፎንቴን ትዝታ» ግን ከደጅ ተቀምጦ እያዩ የተሣለ አይደለም። ሞርትፎንቴን ከፓሪስ በስተሰሜን ያለች ሐይቅ ያላት ቦታ ናት። ኮሮ በ1864 ሥዕሉን የሠራው ቦታውን በልቡ ይዞ፣ ከሌላ ያየው ነገር ጋር ቀላቅሎ ነው። ስሙንም «ትዝታ» ያለው ለዚህ ነው። በዚያው ዓመት በፓሪሱ ሳሎን ዐውደ ርእይ ቀርቦ ለናፖሊዮን 3ኛ ተገዛ፤ ዛሬ ሉቭር ሙዚየም ይገኛል። ቁመቱ 65፣ ወርዱ 89 ሳንቲ ሜትር ነው። ይኼን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ ያሳፍረኛል።

ባለፈው ዓመት እማማ ሳቢያን ሰፈር በተሠሩት ሁለት አዳዲስ ክፍሎች ገባች። ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቷል። የማርያም ሥዕል በምሥራቅ በኩል መጋረጃ ተጋርዶላት ተቀምጣለች፤ ሌላው ግድግዳ ባዶ ነው። በስልክ ስታወራኝ «ቤቱ ጥሩ ነው፤ ግን ሆስፒታል የተኛሁ መሰለኝ» አለችኝ። (እንደ ድሬዳዋ ወግ አያቴን «አንቺ» ነው የምላት። ዶርም ውስጥ ስደውልላት ጓደኞቼ «ለአያትሽ ነው እንዲህ የምታወሪው?» እያሉ ይደነግጣሉ። ለእኛ ግን «እርስዎ» ብላት ታምሜያለሁ ብላ የምትሰጋው እሷ ናት።) ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሥዕሉን አሳትሜ ብወስድላትስ?

ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ውሃ የበላት ሴት ቤት ውሃ ልትሰቅዪ ነው?» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ በሌላ በኩል መጣብኝ። «የፈረንጅ ሐይቅ ምን ያደርግልሻል? ሐረማያ እያለልሽ!» አለኝ። ይኼ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ግን ሐረማያም አንድ ሰሞን ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ነው እንደገና ውሃ የያዘው። ደሞስ እኔ የፈረንሳይን ሐይቅ መርጬ አልነበረም። የአያቴ ግድግዳ ላይ ሠላሳ ዓመት የኖረ ነገር የማን ነው? ለእኔ የድሬዳዋ ነው። ያም ሆኖ የእናቴ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረውም። ሁለት ሳምንት አመነታሁ። በመጨረሻ «ካልወደደችው ይዤው እመለሳለሁ» ብዬ ቆረጥኩ።

ማሳተሙ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነብኝ፤ ቤቱን በእንዲህ ያለ ሥዕል ማስጌጥ የሚፈልግ አንባቢ ካለ ይጠቅመው ይሆናል። አንደኛ፣ ኮሮ ከሞተ ከ150 ዓመት በላይ ስለሆነው ሥዕሉ የማንም የባለቤትነት መብት የለበትም፤ ቅጂን ቅጂ እስካልን ድረስ ሌብነትም ማታለልም አይደለም። ሁለተኛ፣ ምስሉን ማግኘት ቀላል ነው፤ ሉቭር ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ480 ሺህ በላይ ሥራዎቹን ድረ ገጹ ላይ አሳይቷል። ሆኖም ማየትና ማተም ይለያያሉ። መጀመሪያ በስልኬ ያወረድኩትን ይዤ ማተሚያ ቤት ስሄድ ዲዛይነሩ ልጅ በኮምፒውተር አጉልቶ አሳየኝ፤ ቅጠሉ የተበጣጠሰ ሹራብ መሰለ። «እህቴ፣ ይኼ ለፖስት ካርድ ነው የሚሆነው» አለኝ። ነገሩን ሲያስረዳኝ፣ በሥዕሉ በትክክለኛ መጠን ለማተምና በአንድ ኢንች 150 ነጥብ እንዲኖረው ለማድረግ ፋይሉ በወርዱ ከ5,200 በላይ፣ በቁመቱ ከ3,800 በላይ ነጥብ ያስፈልገዋል። የእኔው በወርዱ 1,200 ብቻ ነበር። ትልቁን ፋይል ፍለጋ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ሲገኝም በየፋይሉ ቀለሙ ይለያያል፤ አንዱ ቢጫ ይላል፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ደግሞ ብር የመሰለ ግራጫ። ብርማውን መረጥኩ።

ሦስተኛው ትምህርት ስለ ፍሬም ነው። እኔ ሞኝ ፍሬሙን ቀድሜ ከመርካቶ ገዝቼ ነበር። ወርቃማ ጠርዝ ያለው፣ ወርዱ 50 ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ የቆመ ፍሬም። ሥዕሉ ግን አግድም ነው። ቁመቱ 70 ከሆነ ወርዱ ወደ 96 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ልጁ «ምርጫው ያንቺ ነው። ወይ አሳንሼ ከላይና ከታች ነጭ ልተውልሽ፣ ወይ ልቁረጠው» አለኝ። ነጩ አስጠላኝ። «ከየት በኩል ልቁረጥ?» ሲለኝ ብዙም አላሰብኩም። በስተቀኝ ትልቁ ዛፍ አለ፤ አባባ ፎቶ ላይ ያየሁት ዛፍ። በስተግራ ደግሞ አንድ ቀጭን ዛፍ፣ እጇን ወደ ዛፉ የዘረጋች ሴትና ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉ። «መልክዐ ምድር አይደል? ሰዎቹ ይቅሩ፣ ዛፉን ያዝልኝ» አልኩት። 46 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ቀረ። ሲታተም ደስ አለኝ። በጣም ያምራል ብዬ ነበር።

በገና ዕረፍት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሥዕሉን ጠቅልዬ የውሃ ቱቦ ውስጥ አስገብቼ፣ ፍሬሙን በጋቢ ጠቅልዬ እግሬ ሥር አደረግሁት። አዋሽ ላይ ስንደርስ ረዳቱ «ምንድነው ይኼ? መሣሪያ ነው እንዴ?» ብሎ አስፈታኝ። ሐይቁን ሲያይ «አቤት ቅዝቃዜ!» አለና መልሶ ጠቀለለልኝ።

እማማ ቤት ማታ ደረስኩ። ጠዋት ቡና እያፈላች ሳለ ሥዕሉን ፍሬሙ ውስጥ አድርጌ ይዤላት ቀረብኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጀበናውን ከምድጃው አወረደችና መነጽሯን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ውሃውን እያየች ነው ብዬ የማልወጣው ጥፋት ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። «እማማ፣ ካልፈለግሽው...» ማለት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ልጆቹስ?»

«የቶቹ ልጆች?»

«ልጆቹ ነዋ! ሁለት ነበሩ። እናታቸውም ነበረች። የት ወሰድሻቸው?»

ምን ብዬ ልመልስ? «ለፍሬሙ ብዬ ቆረጥኳቸው» ማለት አቃተኝ። ግን አልኩ፤ ውሸት አላውቅባትም። እማማ አልተቆጣችም። ሥዕሉን ቀስ ብላ አልጋው ላይ አስቀመጠችና ቡናዋን ቀዳች። ከዚያ እኔ ያልጠየቅኳትን ራሷ መለሰችልኝ።

«እናትሽ ውሃውን እንዳላይ ፈርታልኝ ነው፣ አይደል? አውቃለሁ። ይኼ ውሃ ምን አደረገኝ? ሠላሳ ዓመት ቤቴ ሲኖር ውሃ መሆኑን አልደበቀኝም። እኔን የጎዳኝ ደቻቱ ነው። ደቻቱ ደሞ ውሃ አልነበረም፤ አሸዋ ነበር። ቀን ተሻግሬው ሽንኩርት ገዝቼበት የመጣሁ አሸዋ።»

ሁለተኛውን ስኒ እስክንጠጣ ማንም አልተናገረም። ሦስተኛው ላይ «እንዲያው እነሱን መልሰሽ ማምጣት ይቻል ይሆን?» አለችኝ። ስለ ሥዕሉ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ጉሮሮዬ ተዘጋ።

ፋይሉ ፍላሽ ላይ ነበር። በማግሥቱ ከዚራ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት አግኝቼ ሥዕሉን ሳይቆረጥ፣ በሙሉ መጠኑ፣ 65 በ89 አሳተምኩት። ፍሬሙን አናጢ በልኩ ሠራልኝ፤ ወርቃማ አይደለም፣ ተራ ቡናማ እንጨት ነው። ያን የቆመውን ወርቃማ ፍሬም እማማ «ያንቺ የምረቃ ፎቶ ይገባበታል» ብላ ከአልጋዋ ሥር ከተተችው። የተቆረጠውን ሥዕል ግን ዶርም አምጥቼ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ፤ ዛፉ ምን ጥፋት አለበት?

አሰቃቀሉን የመራችው እማማ ናት። እኔ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ብርሃን የሚያገኝበት ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነበር። «እዚያ ፀሐይ ትበላዋለች፤ የመጀመሪያውም በመጨረሻ ሰማያዊ ሆኖ ነበር» አለች። በኋላ ሳነብ ትክክል ሆና አገኘኋት። በብዙ የኅትመት ቀለሞች ፀሐይ ሲያገኛቸው ቢጫውና ቀዩ ቀድመው ይለቃሉ፤ ሰማያዊው ይቀራል። በየፀጉር ቤቱ መስኮት ላይ ሰማያዊ ፊት ያላቸው ሴቶች የሚታዩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በማይደርስበት የጎን ግድግዳ ላይ ሆነ። ከፍታውንም እኔ ቆሜ በዓይኔ ልክ ምልክት ሳደርግ «እኔ ቆሜ አይደለም የማየው፤ ዝቅ አድርጊው» አለችኝና ዱካዋ ላይ ተቀምጣ በጣቷ አሳየችኝ። በዚያ ልክ ሚስማሩን መታሁ። አሁን ቆሞ ለሚያየው ሰው ሥዕሉ ዝቅ ያለ ይመስላል። ቡና ሊጠጣ ለተቀመጠ ግን ልክ ነው።

ለጥምቀት እናቴ መጣች። አስቀድሜ አልነገርኳትም፤ ፈርቼ ነው። ከበሩ እንደገባች ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ቆመች። እማማ ሆን ብላ ዳቦ መቁረሷን ቀጠለች። እናቴ ቀስ ብላ ሄዳ ከሥዕሉ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ በአርባ ሚስማር ቢመቷት የማትቀመጥ ሴት፣ ወለል ላይ። ጣቷን ከመስታወቱ ጥቂት አርቃ ልጆቹ ላይ አደረገች።

«ይቺ የቆመችው እኔ ነኝ» አለች። «ያቺ አጎንብሳ መሬት የምትነካው እሷ ናት። አባባ ሥዕሉን ያመጣ ቀን እማማ እንዲህ ብላ ከፋፈለችን። እሷ 'ለምን እኔ አጎነብሳለሁ?' ብላ አለቀሰች። ትንሽ ነበረች። እማማም 'አንቺ አበባ እየለቀምሽ ነው፣ እሷ ግን ባዶ እጇን ቆማለች' አለቻት። ከዚያ በኋላ በተጣላን ቁጥር 'አንቺ ባዶ እጅ' ነበር የምትለኝ።»

ስለ አክስቴ ይኼን ያህል ሲወራ በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ማታውን ሙሉ ተወራ። ሙዝ እንደማትወድ፣ ፈረንሳይኛ ዘፈን ቃሉን ሳታውቅ ታዜም እንደነበር፣ ብስክሌት ከአባባ ሰርቃ ተምራ ጉልበቷን እንደፈነከተች። እማማ አንዳንዴ ታርማለች፣ አንዳንዴ ትስቃለች። አንድ ጊዜ አለቀሰች፤ እናቴም። እኔም የማላውቃት አክስቴ ናፈቀችኝ።

ሥዕሉን የሠራው ሰው ድሬዳዋን አያውቅም፤ እማማም የኮሮን ስም አታውቅም። ነግሬያት ነበር፤ «ኮሮ» ስላት «ይኼ የዶሮ ስም ነው» ብላ ሳቀች። ሉቭር ያለውን ዋናውን አይቼው አላውቅም፣ ምናልባትም አላየው ይሆናል። ወረቀቱ በርካሽ የታተመ ነው፤ ቀለሙም አንድ ቀን ይለቃል። እንዲህ ዓይነቱን ቅጂ «ጌጥ ብቻ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔም ሳሳትመው እንደ ጌጥ ነበር ያየሁት። ለዚህም ነው ሰዎቹን ያለ ሐሳብ የቆረጥኳቸው።

ስመለስ መምህራችንን «ያን የቤት ሥራ እንደገና ልጻፈው ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ውጤቱ አይቀየርም፤ ለመጽሔታችን ግን ጻፊው» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩ። እናንተም ለቤታችሁ ወይም ለእናታችሁ ሥዕል ለማሳተም ካሰባችሁ ፍሬሙን አስቀድማችሁ አትግዙ። የሚቆረጥ ነገር ካለም ከመቆረጡ በፊት የቤቱን ሰው ጠይቁ።

ትናንት ለእማማ ደወልኩላት። «ሥዕሉ እንዴት ነው?» አልኳት። «ደህና ነው» አለችኝ፤ «ልጆቹም ደህና ናቸው።»